ንግሥተ ሳጃና ኤደን ወፍ ፍለጋ ወደ ጀበል አውሊያ የዘመቱበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ከህረባ የምትባለው መብራት ከካርቱሙ ሳጃና ሰፈር ተሰዳ እንደ እንግዳ ብቅ ጥልቅ ማለት በጀመረችበት፣ ቤንዚን ደጅ በሚጠናበት፣ ዳቦ በሰልፍ በሚገኝበት ወራት፣ ንግሥትነ ኤደን ወለተ ሰይፈሚካኤል፣ ሞገሰ ሳጃና ወጎረቤቷ አልዴም፣ የሁለት ልሳን ባለቤት፣ በዓረብኛ የሚፈርዱ፣ በአማርኛ የሚሰናከሉ፣ በነገሡ በስምንተኛው ዓመት (ይኸውም በተወለዱ በስምንተኛው ዓመት ማለት ነው፤ እርሳቸው ከተወለዱ ወዲህ በቤታቸው ሌላ የነገሠ የለምና) በወርኀ መጋቢት፣ በዕለተ ዓርብ፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ጀበል አውሊያ ባሕር የወረዱበትን፣ የወፎችንም ጭፍራ ፊት ለፊት የገጠሙበትን ዘመቻ እንጽፋለን። ስምዑ ዜናሃ ለንግሥትነ። ያላመነ ሰው ቢኖር ጀበል አውሊያ ሩቅ አይደለም፤ ሄዶ ይጠይቅ።

ጸሐፊው እኔ ቃለአብ ነኝ፤ በጎንደር ቅኔ ቤት ገብቼ ከጉባኤ ቃና ሳላልፍ ያቋረጥሁ፣ ዛሬ በካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ ባለጸጋ ቪላ በር የምጠብቅ። የቀድሞ ነገሥታት ዜና ጸሐፊዎች ርስትና ጉልት ይሰጣቸው ነበር፤ ለእኔ የተሰጠኝ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ስለዚህ በጽሕፈቴ ውስጥ ግድፈት ያገኘ አንባቢ ወንበሩን አስቦ ይለፈኝ።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። የንግሥቲቱ አባት ጋሼ ሰይፈሚካኤል በአገራቸው የታሪክ መምህር የነበሩ፣ በፖለቲካ ሰበብ ተሰደው በካርቱም በሱቅ አረቢ የሞባይል ሽፋን የሚሸጡ፣ ስለ ዘመነ መሳፍንት የጠየቃቸውን ሽፋን ሳያስገዙ የማይለቁ ሊቅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ዮርዳኖስ፣ ንግሥቲቱ ገና ወፌ ቆመች ሲባሉ ቀድመው ስዊድን ገብተዋል፤ ባልና ልጃቸውንም ለማስመጣት ማመልከቻ ካስገቡ ዓመታት አልፈዋል። ንግሥቲቱ እናታቸውን የሚያውቁት በስልክ መስኮት ነው፤ ኔትወርክ ሲደክም የእናታቸው ፊት አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል፣ እርሳቸውም እስኪንቀሳቀስ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ጋሼ ሰይፈሚካኤል ስለዚሁ ጉዳይ ስሙን ወደማልጠራው አንድ መክተብ ይመላለሳሉ፤ መክተብ በሱዳን ቢሮ ማለት ነው፣ በየትም አገር ደግሞ ነገ ተመለስ ማለት ነው።

ከመክተብ በተመለሱ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ በደረጃው ላይ ተሰልፎ በዓይኑ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም ጫማቸውን እያወለቁ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ መምህርነታቸውን ትተው በአራዳ አፍ «ወፍ የለም!» ብለው ያውጃሉ። ይህ አዋጅ ለእኛ ለትልልቆቹ ግልጽ ነው፤ ወሬ የለም፣ ነገሩ ባዶ ነው፣ በእጃችን የገባ ነገር የለም ማለት ነው። ንግሥቲቱ ግን በካርቱም ተወልደው በዓረብኛ ያደጉ ስለ ሆኑ አማርኛን እንደ ወረደ ይቀበላሉ። ወፍ ቢባል ወፍ ነው፤ የለም ቢባል የለም ነው። ስለዚህ ወደ እናታቸው እንዳይሄዱ ያገዳቸው የወፍ መጥፋት መሆኑን በልባቸው ደመደሙ፤ መክተቡ ወፍ ይጠይቃል፣ ወፉ አልተገኘም፣ የተገኘ ቀን ይኬዳል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። እኛ ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ አንባቢ ግን አስቀድሞ ይወቀው፣ እኛ ስንስቅ በዋልንበት ቀን አብሮን እንዳይስቅ።

ከዕለታት በአንዱ ንግሥቲቱ በደጅ ቆመው፣ አምጃድ የምትባለውን ትንሽ ታክሲ ለሚነዳው ለጎረቤታችን ለኦመር፣ አባታቸው ዘወትር «ጠይር ማፊ» እንደሚሉ ነገሩት። ጠይር ወፍ ነው፣ ማፊ የለም ነው፤ ትርጓሜው እንከን አልነበረውም። ኦመር ግን ነጭ ዓባይ በግድብ ተይዞ ባሕር በሆነበት በጀበል አውሊያ ዳርቻ የተወለደ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነውና፣ በመጋቢት ወር ወፍ የለም መባሉን እንደ እናቱ ስድብ ቆጠረው። ከአምጃዱ ወርዶ፣ ከእኛ ጋር ኖሮ በለመዳት አማርኛ፣ በመንገዱ መካከል ዐወጀ፦

«ያ ጀማዓ! ጠይር ማፊ ያለ ማነው? ወላሂ ጀበል አውሊያ ጠይር ከሰው ይበዛል! ከሐበሻ ይመጣል፣ ከጁባ ይመጣል፣ እኛ ጋ ያርፋል፣ ይበላል፣ ከዚያ ኻላስ ወደ ኡሩባ ይሄዳል! ጁምዓ እኔ እወስዳችኋለሁ። ከጁምዓ በኋላ ጠይር ማፊ ያለ ሰው የኔን አምጃድ አይሳፈር!»

ኡሩባ አውሮፓ ነው፤ ስዊድን በዚያ እንዳለች ንግሥቲቱ ያውቃሉ። ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ ፊታቸው እንዴት እንደ በራ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙላቷ ምስክር ናቸው፤ እኛ ግን ልጅ ሽርሽር ወደደ ብለን አለፍነው። በማግስቱም ንግሥቲቱ ከደረጃው ላይኛው እርከን ቆመው የክተት አዋጃቸውን አስነገሩ፦

«ጁምዓ ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ባባ ይመጣል፣ ኻልቶ ሙላቷ ትመጣለች፣ ሻምበልም ይመጣል። ቃለአብም መምጣት ከፈለገ ይምጣ። ማንም አይተኛም!»

በዚህ አዋጅ ውስጥ ጸሐፊው የተጠራበት ሁኔታ ቅር ቢያሰኘውም፣ ለታሪክ ሲል ሳይቀንስ ጽፎታል።

እነሆ በዕለቱ የከተቱት መኳንንት። ከፊት ሊቀ ሠረገላ ኦመር፣ ቤንዚኑን ከየት እንዳገኘው ያልተናገረ፣ እኛም ያልጠየቅነው። ከጎኑ ጋሼ ሰይፈሚካኤል፣ ለንግሥቲቱ የውኃ ጠርሙስ የተሸከሙ፣ ስለ ግድቡ ታሪክ ሊነግሩን ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ የተቋረጡ። ከኋላቸው ወይዘሮ ሙላቷ፣ በሳጃና ምግብ ቤት ያላቸው፣ አዛዥ ዘማእድ፣ ጾም ነውና የሽሮ ድስት በጨርቅ ጠቅልለው በጭናቸው ላይ ያነገሡ፣ ድስቱ ካልተመቸው ሰው ይውረድ የሚሉ። ከእርሳቸው አጠገብ ሻምበል፤ ሻምበል የስሙ ነው እንጂ የማዕረጉ አይደለም፣ ቀን ቀን ጡብ የሚሸከም፣ ማታ ማታ ወደ ሊቢያ የሚወስደውን መንገድ በሐሳቡ የሚጨርስ ጎበዝ ነው። ጸሐፊውም በመጨረሻው ወንበር፣ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ፣ በማይገባው ስፍራ ተቀመጠ።

ንግሥቲቱ በመጨረሻ ወጡ። ለፋሲካ ብቻ የሚለበሰውን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ያበጠ ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ነበር። ለግማሽ ቀን መንገድ ይህ ሁሉ ጓዝ ምንድነው ብለን ሳቅን። ወይዘሮ ሙላቷ ቦርሳውን ደባብሰው ሹራብ እንዳለበት ለሕዝብ ገለጹ፤ በካርቱም፣ በመጋቢት፣ ሹራብ! ደግመን ሳቅን። ሻምበል ከከተማው ዳር እስካለው እስከ ከላክላ ሰፈር ድረስ ሳቀ። ንግሥቲቱ ግን ከክብራቸው ፈቀቅ ሳይሉ፣ ቦርሳውን ለማንም ሳያስይዙ፣ በመስኮት ወደ ሰማይ እየተመለከቱ ተጓዙ።

ከከላክላ ማዶ ባለው ኬላ አንድ ወታደር አስቆመን፤ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጠየቀ። ጋሼ ሰይፈሚካኤል የስደተኛ ካርዳቸውን ሲፈልጉ፣ ወይዘሮ ሙላቷ፣ ዓረብኛቸው ከእኛ ሁሉ ይልቃልና፣ ነገሩን ሊያለዝቡ ብለው ሠራዊቱን በየስሙ ማስተዋወቅ ጀመሩ። ወደ ሻምበል ሲደርሱ ጥፋቱ ደረሰ። ወታደሩ በገላባት ድንበር ያገለገለ፣ ከአማርኛ ሰላምታ ቀድሞ የአማርኛ ማዕረግ የተማረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሻምበል ማለት ነቂብ ማለት መሆኑን ያውቃል። የሐበሻ ነቂብ በአምጃድ ተጭኖ፣ የሽሮ ድስት ሽፋን አድርጎ፣ ወደ ግድብ እየሄደ ነው። ሌላ ወታደር ተጠራ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሻምበል እጁን እንዲያነሣ ታዘዘ። በዕድሜው የተሰጠው የመጀመሪያ ሹመት ይህ ነበር፤ አልተደሰተበትም። እኔም ቅኔ ቤት የቆየሁበት ዘመን ለዚህ ቀን ምንም አልጠቀመኝም።

ያን ጊዜ ንግሥትነ ኤደን በአባታቸው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አሻግረው፣ ከካርቱም ልጅ በቀር ማንም በማይችለው ዓረብኛ ያወጁት፣ ወደ አማርኛ የመለስሁት፣ ይህ ነው፦

«ያ አሞ! ሻምበል ስሙ ነው፣ ዓስከሪ አይደለም። ጡብ ነው የሚሸከመው፣ እጁን እይ! አንተ ስምህ አሰድ ቢሆን አንበሳ ነህ? እኛ ጠይር ልናይ ነው የምንሄደው። ያላ ልቀቀን፣ ጠይሮቹ ይሄዱብናል!»

ወታደሩ የሻምበልን መዳፍ ገልብጦ አየ። በዚያ መዳፍ ላይ ያለው የጡብ ቁስል ከየትኛውም ኢቃማ ይልቅ ይነበባል። ወታደሩ ሳቀ፤ ለሻምበል የወታደር ሰላምታ ሰጠው፣ ለንግሥቲቱም መንገዱን በእጁ አሳየ። እንዲህም ሆኖ ኬላው ያለ ደም ተሰበረ።

ወደ ባሕሩ ዳርቻ በደረስን ጊዜ ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚለው ተረት እውነት መሆኑን አየን፤ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ በየአገሩ ቋንቋ ይጮኽ ነበርና የዓርብ ገበያ ሆነብን። በጭቃው ላይ ደጃዝማች ሽመላዎች፣ ነጭ ለብሰው የጥቁር ካባ ጫፍ ከኋላ የጣሉ፣ ቀይ እግራቸውን በዝግታ እያነሡ እንደ ባላገር ዳኛ ይመላለሳሉ። ከውኃው ላይ፣ ከምንቃራቸው ሥር ስልቻ ያንጠለጠሉ ግዙፎች ይንሳፈፋሉ፤ ስማቸውን ስለማላውቅ በጅሮንድ ብያቸዋለሁ፣ ግምጃ ቤታቸውን በአንገታቸው ይዘው የሚዞሩ ናቸውና። ዳክዬዎች በጭፍራ በጭፍራ ሰፍረዋል። እግረ ቀጭኖቹ፣ ምንቃራቸውን በጭቃ እየወጉ የሚያወጡ፣ ለጭፍራው ሁሉ መሬቱን የሚሰፉ ይመስላሉ። በጀልባዎቹ ገመድ ሥር ደግሞ ቢጫ ትንንሾች ጅራታቸውን እያወዛወዙ ይሯሯጣሉ፤ በየትም ሠራዊት እንዳሉ አሽከሮች፣ ሥራ የበዛባቸው እነርሱ ብቻ ናቸው። ኦመር ግድቡን በገዛ እጁ የሠራ ያህል ደረቱን ነፍቶ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት ቀን ተነሥቶ በረሃውንና ባሕሩን ተሻግሮ እንደሚያልፍ ነገረን። ሻምበል ይህን ሰምቶ፣ ያለ ደላላ መሆኑን አረጋግጦ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ አፏጨ።

ንግሥቲቱ ከአምጃዱ ወረዱ። ማንንም ሳይጠብቁ፣ የፋሲካ ጫማቸውን ጭቃ ሲውጠው ሳይገዳቸው፣ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ እስከ ውኃው ጠርዝ ሄዱ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ከዚያም ወደ አባታቸው ዞረው፣ በዘመነ መንግሥታቸው ከተነገረው ሁሉ የሚበልጠውን አዋጅ በታላቅ ድምፅ አሰሙ፦

«ባባ! ፊ ጠይር! ወፍ አለ! ብዙ ወፍ አለ! ያላ ለመክተቡ ደውልላቸው፣ ወፉ ተገኘ በላቸው! እኔ ልብሴን ይዣለሁ። ያንተንም ነጩን ሸሚዝ ይዣለሁ። እማ ጋ እንሂድ!»

የዚያ ቀን ሳቅ በዚህ ስፍራ አለቀ። ወይዘሮ ሙላቷ የድስቱን ክዳን ከፍተው እንደ ያዙ ቀሩ። ሻምበል ፊቱን ወደ አምጃዱ አዞረ። ሹራቡ የስዊድን ሹራብ መሆኑ ለሁላችን በአንድ ጊዜ ገባን፤ እስከ ከላክላ የሳቅነውን ሳቅ መልሶ የሚውጥልን ሰው ፈለግን። ኦመር ብቻ ነገሩ አልገባውምና፣ አገሩ ስለ ተመሰገነች አጨበጨበ።

ጋሼ ሰይፈሚካኤል የያዙትን የውኃ ጠርሙስ ከእግራቸው ሥር አኖሩ። ወይዘሮ ሙላቷ በዓይናቸው አዎ በላት፣ እሺ በላት እያሉ ጠቀሷቸው። እኔም ብሆን ውሸቱን በልቤ አሰናድቼላቸው ነበር፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ መክተቡ ዝግ ነው ቢሉ ዓርቡም እውነት፣ መዘጋቱም እውነት፣ ልጅቱም በደስታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዘመነ መሳፍንት ጀምሮ ስንት መኳንንት በዚህ ዓይነት እውነት ኖረዋል። እርሳቸው ግን ከነጫማቸው ወደ ጭቃው ገቡ፣ በንግሥቲቱም ፊት ተንበረከኩ፣ የአንድ ሰዓት ትምህርት የለመደ አፋቸው እየተሳሰረ ይህን ዐወጁ፦

«ኤዱ፣ ስሚኝ። ወፍ የለም ማለት ወሬ የለም ማለት ነው። እንዲሁ የሚባል ነው፣ እናንተ ከላም ሳይ የምትሉት። መክተቡ ወፍ አልጠየቀንም። ምን እንደሚፈልጉ እኔም አላውቅም። መቼ እንደምንሄድም አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በደንብ መንገር ነበረብኝ።»

ንግሥቲቱ አላለቀሱም፤ ተቆጡ። ቁጣቸውም የነገሥታት ቁጣ ነበርና ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ፈቀቅ አሉ።

«ታዲያ ለምን ማፊ አላልክም? ማፊ ብትል እኮ ይገባኛል! እኔ ደግሞ ሁሉንም ወፍ አገኘሁልህ!»

ይህን ብለው ቦርሳውን ከጀርባቸው አውርደው በጭቃው ላይ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት፤ አባታቸውም አብረው አለቀሱ። ነገሥታት ሲያለቅሱ ዜና ጸሐፊ ብዕሩን ከብራናው ያነሣል ይላል ሥርዓቱ፤ እኔም አነሣሁ፣ ዓይኔን የምጠርግበት እጅ ቸግሮኝ ነበርና።

ወይዘሮ ሙላቷ ቦርሳውን ከጭቃ አውጥተው፣ ሹራቡን በባሕሩ ውኃ አለቅልቀው በጀልባ ገመድ ላይ አሰጡት፤ ጠጅ እንደሚጠጣ ጦር ሳይሆን እንደ ቀብር ሰው ሽሮ በላን። ኦመርም በመጨረሻ ነገሩን በዓረብኛ ሲያስረዱት፣ እንጀራውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ጢሙን አሻሸ፤ ወፎቹ አገሩን ያዋረዱበት መሰለው።

ፀሐይ በበረታች ጊዜ ሽመላዎቹ ተነሡ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ፣ በሞቃቱ አየር ላይ ዙሪያውን እየዞሩ ከፍ፣ ከፍ፣ ደግሞም ከፍ አሉ፤ ከዚያ አንዱ አቅጣጫ ያዘ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ንግሥቲቱ አንገታቸው እስኪደክም አይተው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ኦመርን ጠየቁት፤ እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሰሜን አመለከተ። ንግሥቲቱም እጃቸውን ዘርግተው የአባታቸውን ስልክ ተቀበሉ፣ ፊታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ማንም ቃል ሳያቀብላቸው፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ ዮርዳኖስ ይህን የድምፅ መልእክት ላኩ፦

«እማ፣ ኤደን ነኝ። እዚህ ብዙ ጠይር አለ። ነጭ ነው፣ ክንፉ ጥቁር፣ እግሩ ቀይ። አሁን ተነሥተዋል፣ ወደ አንቺ ነው የሚመጡት። እኛ ገና ነን። ባባ መቼ እንደሆነ አያውቅም። አንቺ እንዳትቆጪው፣ እኔ ተቆጥቼዋለሁ።»

መልሱ የደረሰው በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። ንግሥቲቱ በአባታቸው ጭን ላይ አንቀላፍተው ነበርና፣ ጋሼ ሰይፈሚካኤል ስልኩ ሲበራ አይተው፣ የሚስታቸውን ድምፅ ለመስማት እጅግ ቢናፍቁም፣ ሳይከፍቱት በእጃቸው ይዘው ሳጃና ገቡ፤ የተላከው ለእርሳቸው አልነበረምና።

እንግዲህ ለንግሥትነ ኤደን ሞገስና ክብር ይሁን፤ ኬላን በቃል ለሰበሩት፣ የሽመላን ጭፍራ ዓይን ለዓይን ለገጠሙት፣ የአማርኛን ተንኮል በደረታቸው ለተቀበሉት፣ በአባታቸው ላይ በአደባባይ ፈርደው በአደባባይ ለማሩት። የቀደሙ ነገሥታት አገር አቅንተው፣ ጠላት ማርከው ተመስግነዋል፤ የኛይቱን ግን ከሁሉ በላይ የምናመሰግንበት ሌላ ነው። እኛ የሳጃና ሰዎች ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ቀርቧል፣ ሊያልቅ ነው፣ አታስቡ፣ ደህና ነን እያልን ስንልክ የኖርን ነን፤ ጋሼ ሰይፈሚካኤልም ልከዋል፣ ሻምበልም ለእናቱ ልኳል፣ እኔም በሪያድ ሰፈር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ ብዬ ልኬአለሁ። ከሳጃና ወጥቶ እስከ ስዊድን የደረሰ የመጀመሪያው እውነት ግን ያ የድምፅ መልእክት ነው፤ የላኩትም የስምንት ዓመት ልጅ፣ አማርኛቸው የተሰባበረ፣ ጫማቸው ጭቃ የጠጣ፣ ንግሥትነ ኤደን ናቸው።